ሁለተኛው ካርድ

የዕቁቡን ብር ይዞ ይበልጣል አንማው
ሁለተኛውን ካርድ ካዲስ አበባ አስመጣው፤
ግራፊክስ ነው፣ የፊተኛው መንታ፣
ጌም ቤቱ በልጆች ታጨቀ ያን ማታ።

«አርባ ፍሬም ነበር፤ ዛሬ ሰማንያ!»
አለና ካቻቢቴውን አስቀመጠ እዚያ።

አርባ። አርባ አምስት። አርባ ዘጠኝ።
ሃምሳ ሁለት ላይ ቁጥሩ ቆመ።
ሥዕሉም በመሀል ይንቀጠቀጣል፤
አንድ ልጅ ሳቀና፣
«ምኑ ነው የሚበልጥ፣ ጋሽ ይበልጣል?»

እኔ ጠጋኙ ነኝ፤ ሣጥኑን ከፍቼ አየሁ፤
ምን ብዬ ልንገረው? ከሐይቁ ተዋስሁ።

«አባትህ ካጎትህ ባንድ የደንገል ታንኳ
ከዘጌ ሲቀዝፉ፣ መንገዱ በግማሽ አላጠረም እንኳ።
አንዱ ውኃ ሲመታ ሌላው ይጠብቃል፤
ምት ከተዛነፈ ታንኳው ይሽከረከራል።
ቅዘፍ ባዩ አንድ ነው፤ ፕሮሰሰርህ ያ ነው፤
እሱ እስኪያዝዛቸው ሁለቱም ሥራ ፈት ናቸው።
ሜሞሪውም ቢሆን፣ ስምንትና ስምንት
ዐሥራ ስድስት አይሞላ፤
ያንኑ ጭነት ነው ሁለቱም ያነገቱት።
ጌሙን የጻፈው ሰው ላንድ ቀዛፊ ነው ያሰበው፤
የሁለተኛው መቅዘፊያ በእጁ ላይ ቀረው።»

ዝም አለ።
ፋኑ ብቻ ይጮኻል።
ከመስኮቱ ውጭ የጣና ነፋስ ዘንባባውን ነካክቶ ያልፋል።
«ዕቁቡ እኮ» አለ፣ «ገና ዘጠኝ ወር ይቀረዋል።»

በማግሥቱ ሳልፍ፣ ካርዱን ነቅሎታል፤
ጥግ ላይ አቧራ በጠጣው ኮምፒውተር ውስጥ ሰክቶታል።
ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣
ለየራስ ታንኳ፣ ለየራስ መቅዘፊያ ይዘው፤
አርባ እዚህ፣
ሠላሳ ስምንት እዚያ።
ይበልጣል በጣቱ ደመረና፣
«ሁለቷን ማርኩ» አለ፤ «ሰማንያ።»