አንዷን ተዋት

በጫማ ነው እኛ ሰዓት የለካነው፣
ጥላን እየረገጥን፣ እየተከተልነው።
«ሰባት ጫማ ሲደርስ ንገሩኝ» ይሉናል
የኔታ ዕንቁባሕርይ፤ ዐይናቸው ደክሟል።

ደብረ ወርቅ ነው ይህ፤ ከወይራው ሥር ቁጭ ብለን፣
አመድ በትነን፣ መሬት ሰሌዳ አድርገን፣
«አምስት ሺህ አምስት መቶ ደምርበት ዓመቱን፤
በዐሥራ ዘጠኝ ግደፍ፤ ያዘው የቀረውን፤
ከቀረው ላይ ደግሞ አንዷን ተዋት» አሉን፤
በመዳፌ ጠረግሁ ከአመዱ ላይ አንዷን።

«የኔታ» አልኋቸው፣ «ወዴት ነው የሄደች?
ተቆጥራ ከመጣች ለምን ተተወች?»
ሳቁ። ጥርስ አልነበር።
«ዓመቱ ተጀምሯል፤ አልሞላም፣ አትቁጠር።
የሱ ናት። ለሱ ተዋት።»
ተውኋት።

ከዚያ ወንበር ወጣ፤ አበቅቴውም ወጣ፤
መጥቅዕም ተከትሎ ከጎኑ መጣ፤
ተደምረው ሁለቱ ሁልጊዜ ሠላሳ፣
አንዱ ሲወድቅ አንዱ እያነሣ።

ዜማው አልሆነልኝ፤ ቅኔውም ሸሸኝ፤
ሞጣ መናኸሪያ ስምሪት ቀጠረኝ።
የባሕር ዳር መኪና ዐሥራ ሁለት ተኩል፣
የብቸናው ደግሞ ሩብ ጉዳይ ይላል።
መቁጠር ነው የማውቀው።

የሻረግ ወለደች፣ ሚያዝያ እንደባተ።
ሴት ናት።
ለወንድ አርባ ቀን፣ ሰማንያ ለሴት፣
አዳምና ሔዋን ገነት እንደገቡበት።
ዘመናይ አልናት፤ የቤት ስሟ ነው፤
የክርስትናዋን ቄሱ ነው የሚያወጣው።
በከሰል፣ ግድግዳ ላይ፣ በየማለዳው፣
አንድ ሰረዝ አሰምር ነበር፣ እንደ ስምሪት ሰው።

ጠላው ተጠንስሷል፤ ማዕተቡ ተገምዷል፤
ክርስትና እናቷ ከብቸና መጥታ
እግሯን ታጥባ አድራለች።
በሰባ ዘጠነኛው ሌሊት፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣
ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ፣
ተኝታ ነበር፤
ተኝታ ቀረች።

ሰባ ዘጠኝ ሰረዝ።
«ፍትሐት የለም» አሉ ሕጉን የሚያውቁት፤
ድምፃቸውን አውርደው፣ እያዘኑ አሉት።

ደብረ ወርቅ ሄድሁ፤ እኔው በማሰማራት መኪና፣
መውጫዋን ሳልጽፍ።
ዛሬም ከወይራው ሥር ናቸው፤
ጨርሶ ጨልሞባቸው።
«የኔታ፣ ያቺን አንድ ይመልሱልኝ» አልሁ።
«ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ስንተውለት ኖረን፣
ምናለ ከዚያ ሁሉ አንዲት ቀን ቢያበድረን!»

ዝም አሉ። ረጅም ዝም።
«ጥላህ ስንት ጫማ ሆነ?»
«ጥላ የለም፣ የኔታ፤ ሰማዩ ዳመነ።»
«ፀሐይዋስ ጠፋች?»
«አልጠፋችም፤ ከደመናው ኋላ አለች።»
«ለሷስ ስንት ሰዓት ነው?»

መልስ አጣሁ።

«ጥላ ያለን እኛ እንለካለን ቀን፣
ትናንትን ረግጠን፣ ነገን ተከትለን።
እሱ ጥላ የለው፤ ምን ላይ ይረግጣል?
የመጀመሪያው ቀን ዛሬም ዐይኑ ሥር ውሏል፤
የመጨረሻውም።
ደግሞ ቁጥር አይንቅም። ጥላ ይኑረኝ ብሎ
መጣ፤ በስምንት ቀኑ ተገረዘ፤
አርባ ቀን ጠብቆ መቅደስ ገባ፤
ሠላሳ ዓመት ጠብቆ ዮርዳኖስ ወረደ።
ያውቃል፣ ልጄ፣
አንዲት ቀን ስንት እንደምትመዝን።
ስለ ሕጉ ብትለኝ፣ ሕጉን ነግረውሃል፤
እኔ ባለ ቁጥር ነኝ፤ ዳኛው ሌላ ነው።
ግን አንዷን ተዋት ስልህ
ጣላት አላልሁህም።»

ተመለስሁ።
ክረምቱ ግድግዳውን ልጦት ከርሞ ነበርና
በመስከረም የሻረግ ጭቃ አቡክታ መረገችው፤
ከሰሉ ጋ ስትደርስ
እጇ ዞሮ አለፈ።

አሁንም አለ፤ ሰባ ዘጠኝ ሰረዝ፣
ከጎኑ የአንዲት ጣት ወርድ ባዶ።
ከሰሉ መስኮቱ ላይ ነው።
አላሰመርኋትም።
ተውኋት።