ሃምሳ ሲሆን ሃምሳ ሦስት

መኳንንት ቅዳሜ ገበያ መጣና
«ሚዛንህን አውሰኝ» አለኝ በትህትና።
ሰሊጥ ነው ሥራዬ፤ ከመተማ መጥቶ
በእጄ ነው የሚያልፈው፣ በጆንያ ተሞልቶ።
«ምን ልትመዝንባት?»
«ነፋስ» አለኝ ሳይስቅ፤
ሰጠሁት፣ ሌላ ምንም ሳልጠይቅ።

አዘዞ፣ ከቆርቆሮው ጋራዥ ጓሮ፣
ክንፉ ሸራ ለብሶ፣ ሆዱ በሽቦ ታስሮ
ቆሟል አውሮፕላኑ፤ ስምንት ዓመት ተሠርቶ፣
ከአሮጌ ማዝዳ ላይ ሞተሩ ተፈትቶ።
ፒስተን የለው፣ ቫልቭ የለው፤
በሞላላ ቤት ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው የሚዞረው።
ፕሮፔለሩ ዋንዛ፣ የአናጢ ተገኘ ጥበብ፣
ወንበር የለመደ እጅ ነፋስ ሲጠርብ።

ልጁ ትርንጎ ናት ሂሳቡን የያዘች፤
እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ እንዲህ አለች፦
«የመቶ ስድሳ ፈረስ ጉልበት አለው ይላል ወረቀቱ፤
ግን ባሕር ዳር ሲለካ ነው።»
«ባሕር ዳር ሄዶ ነበር?» አልኳት።
«የጣናው አይደለም» ብላ ሳቀች፣ «የጨው።
እዚህ አየሩ ቀጭን ነው፤ ከአምስቱ ፈረስ አንዱ
አዘዞ ሳይደርስ ይቀራል በመንገዱ።»

ፈረስ በዓይን አይታይም፤ የሚታይ መጎተቱ፤
ከባሕር ዛፉ ግንድ በገመድ ታሰረ ጅራቱ፣
በመሃል የኔ ሚዛን ተወጥራ።
«ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ከሳበ» አለች ትርንጎ፣ «ይነሳል፤
ካነሰ ግን ሜዳው ያልቅና አጥሩ ጋ ይደርሳል።»

ሞተሩ ጮኸ። አቧራው፣ ገለባው፣ የኔ ባርኔጣ
ከአውሮፕላኑ ቀድመው በረሩ፤ መርፌዋ ወጣ፣ ወጣ፤
ሁለት መቶ ዐሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣
ሁለት መቶ አርባ!
መኳንንት እጁን አነሳ።
ሰው አጨበጨበ፤ «ነገ ይብረር» ተባለ፤
ሆዴ ውስጥ ግን አንድ ያልተናገርኩት አለ።

ያቺ ሚዛን የኔ ናት። ምላሷን አውቀዋለሁ።
ሃምሳ ሲጭኑባት ሃምሳ ሦስት ትላለች፤
በሦስቷ ኪሎ ልጆቼን አሳድጋለች።
ስፕሪንጓን በፒንሳ ያላላሁ እኔ ነኝ፣
የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ማንም ሳያየኝ።
ሦስት ኪሎ ሰሊጥ ማንንም አይገድልም፤
ነፋስ ግን ሲጎድል ማንንም አይምርም።

«ሲሚንቶ አለህ?» አልኩት።
«ለምን?»
«ግድ የለም፣ አምጣ።»
ያልተፈታ ከረጢት፣ ሃምሳ የተጻፈበት፣ ከጎረቤት መጣ።
ሰቀልነው።
መርፌዋ እንደ ልማዷ ሃምሳ ሦስት ላይ ቆመች።
ማንም አልተናገረ። ትርንጎ ብቻ ጻፈች፦
ሁለት መቶ አርባ፣ በሃምሳ ተባዝቶ፣ ለሃምሳ ሦስት ተካፍሎ፣
ሁለት መቶ ሃያ ስድስት፤
ከሚያስፈልገው አራት ኪሎ ጎድሎ።

መኳንንት ሊያየኝ ሲዞር ተገኘ ጣልቃ ገባ፦
«የኔም እጅ አለበት። ምላጩ ሰፊ ነፋስ ይጎርሳል፤
ሞተሩ ስድስት ሺህ ሳይዞር አምስት ሺህ ላይ ይታነቃል።
ጉርሻ ሲያስጨንቅ ለፍቅር ነው፤
ለሞተር ግን ማነቆ ነው።»
መላጊያውን ይዞ ሦስት ቀን ላገ፣
የግራና ቀኙን እኩል ክብደት ፈለገ።

በአራተኛው ቀን መርፌዋ ሁለት መቶ ስድሳ አለች።
ሁሉም ዞረው አዩኝ። ትርንጎ ደብተሯን ሰጠች፣
ለኔ።
እጄ ሰሊጥ ሲሰፍር እንዲህ አልተንቀጠቀጠም።
በሃምሳ አባዛሁ፤ ለሃምሳ ሦስት አካፈልኩ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሂሳብ አንድ ቀን አልሞከርኩ።

«ሁለት መቶ አርባ አምስት። ይበቃል?»
«ይበቃል።»

መኳንንት ገመዱን ከባሕር ዛፉ ፈታ።
እኔ ሚዛኔን በጆንያ ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ ጫንኩ።
ነገ ቅዳሜ ነው።