የጉርሻ ልክ

ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጆሮው፣
ከጆሮው እስከ ደረት አጥንቱ ማብቂያ ለካሁት፤
ሃምሳ አምስት ሴንቲ ሜትር ሆነ፤
በፕላስተር ቁራጭ ምልክት አሰርሁበት።

ሌላው ሰው ይታገላል፣ ያስላል፣ እጄን ይይዛል፤
እሱን ማሽን ይተነፍስለታል፤ ዝም ብሎ ይተኛል።
ታንኳው በነሐሴ ማዕበል ከዓባይ መውጫ አጠገብ ተገልብጦ፣
ከውሃው ሲያወጡት ሳምባው ግማሽ ጣናን ውጦ
ነበር፤ ዛሬ ሰባት ቀኑ።

ከዘጌ የመጣው ዘመድ በር ላይ «እንየው!» ይላል፤
ስሙን ይጥራ ፈቃድ ይለምን፣ ዘበኛው ግራ ይገባዋል።
«እንየው!»
አንድ ቃል ነው፤ ሁለት በር ያንኳኳል።

በሲሪንጅ አየር ገፍቼ ሆዱን በማዳመጫ ሰማሁ፤
ከሐይቅ ወለል የሚነሣ አረፋ መሰለኝ፣ ደስ አለኝ፣ አመንሁ።
ሐኪሙ ግን «ድምፅ ይዋሻል» ብሎ ራጅ አስነሣ፤
ሳምባ የገባ አጥሚት ዳግመኛ ያሰጥማል፤ ይህን ማን ይረሳ!

ሚስቱ አንጓች በአረንጓዴ ፔርሙዝ አጥሚት ይዛ መጣች፤
ቅንጣት ቱቦውን እንዳይዘጋው በነጠላ ጫፍ ሦስቴ አጠለለች።
የእኛን ዱቄት ሳሳያት፣ ጠጋ ብላ፦
«ፍልሰታ ነው እኮ። ወተት የለበትም አይደል ያንቺው?»
የንስሐ አባታቸው ደጅ ቆመው ኖሮ፦
«የታመመ አይጾምም፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ስጪው።»

መጀመሪያ ሁለት መቶ ሚሊ በአንድ ጊዜ ሰጠነው፤
ከሦስት ሰዓት በኋላ ስስበው ግማሹ መጣ፣ ሆዱ አልተቀበለው።
እንግዲያው ጠብ ጠብ ይበል ተባለ፤ በሰዓት ሃያ፣ ቀጥሎ ሠላሳ።
ፓምፑ ያለው አንድ፣ እሱም አልጋ አራት ላይ።
ራሴ ፓምፕ ሆንሁ፤ በእጅ ሰዓቴ ጠብታ እየቆጠርሁ፣
ራስጌውን ከፍ አድርጌ፣ ሌሊቱን በእግሬ ቆሜ አነጋሁ።
ከመስኮቱ ማዶ፣ በዘንባባው መሐል፣ ጣና ይነጋል፤
ሻላዎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣
የዓሣ ሆድቃ የሚወረውርላቸውን ሰው።

በዐሥረኛው ቀን ሆዱ ተቀበለ።
አንጓች «ልያዘው?» አለች።
መግፊያውን አውጥቼ ሲሪንጁን ከቱቦው ገጠምሁላት፤
«ከፍ ስታደርጊው ይፈጥናል፣ ዝቅ ስታደርጊው ይዘገያል» አልኋት።
«ሠላሳ ዓመት አጉርሼዋለሁ፤ እንዲህ ቀስ ብሎ በልቶልኝ አያውቅም፤
አንድ ጉርሻ ያጣላል እያለ፣ ካልደገምሁት አይተወኝም።»

አጥሚቱ ወረደ። ዓይኗም አብሮት ወረደ።
ያኔ አየሁት፤
ከንፈሯ፣ እሷ ሳታውቀው፣ ቀስ ብሎ ተላቀቀ፤
ልጇን እንደምታጎርስ እናት፣
እሱ ያልከፈተውን አፍ እሷ ከፈተችለት።

ምንም አላልሁ። መዝገቡ ላይ ጻፍሁ፦
መቶ ሃምሳ። አላስመለሰውም።

በመጨረሻ ቱቦው እንዳይደፈን ሠላሳ ሚሊ ውሃ አለ።
ቀዳሁላት።
አንጓች ውሃውን አየችው።
ባሏን አየችው።
እጇ አየር ላይ ቆየ፣
ማሽኑ አራት ጊዜ እስኪተነፍስ ድረስ፤

ከዚያ ከፍ አደረገችው።