ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለወጥ አገር

ከለገሃር ጀርባ፣ ደረጃው ጨለማ፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ አለች ትንሽ ከተማ።
የወለሏ ሳንቃ በር ነበረ ድሮ፣
አራት ጄሪካን ላይ ያደረ ተወጥሮ፤
የቁልፉ ቀዳዳ ዛሬ ሐይቅ ሆኗል፣
ከሥሩ የታክሲ ስፖኪዮ ተለጥፏል።

ሽመክት ነው ጌታዋ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ብሎንና ቅባት ነበረ አመሉ።
ጡረታ ሲያወጡት ካፖርቱን መለሰ፣
መፍቻውን ግን “ረስቶት” ቤቱ ይዞ ደረሰ።

የኛ የደን ሹም ናት ልብስ ሰፊዋ ትርፌ፤
ችግኟ ስፖንጅ ነው፣ ማረሻዋ መርፌ።
ባሕር ዛፍ ስትሻ ጦስኝ ታደርቃለች፣
ግራር ስትፈልግ ጃንጥላ ትፈታለች።

የእኔ ድርሻ አፈር ነው። ፒያሳ ካለ ቤት
የማኪያቶ ማሽን የተፋውን ቅሪት
በፌስታል አምጥቼ፣ ጣሪያ ላይ አስጥቼ፣
ሐዲዱን ዳር ዳሩን ሞላሁት ነፍቼ።
ነሐሴ ላይ ሻገተ። ልጠርገው ብጀምር፣
“ተው፣ ደጋ ሆነልን” አለች ትርፌ፤ “ይቅር።”

ሊያየን የመጣ ሰው መጠየቁ አይቀርም፦
“ያው ዞሮ መምጣት ነው፤ አይሰለቻችሁም?”
መንገዱስ ያው ክብ ነው። አገሩ ግን ያው አያድርም፤
እርድ ብንነሰንስ ይሆናል መስከረም፤
ቀይ ጤፍ ካፈሰስን ጥርጊያውን አልብሰን፣
ድሬዳዋን አልፈን በረሃ ደረስን።

ባቡሩም ተራ አለው። ጥቁሩ፣ ባለ ጥጥ ጭስ፤
ቀጥሎ ሊቶሪናው፣ ቀለሙ የወተት ልብስ፤
ቀላሉ ባቡር ግን በእውነትም ቀላል ነው፣
የጥርስ ሳሙና ካርቶን፤
አንዴ ማስነጠሴ ከነድልድዩ ጣለው።
ጭነቱ አይታወቅም፦ ክብሪት፣ ጨው፣ ምስር፤
አንዴ የትርፌ አዝራር ፉርጎ ሙሉ ሲዞር።
የሽመክትን ክኒን አሥር ሰዓት ላይ እንጭንለታለን፣
በባቡር ካልመጣ አልውጥም ስላለን።

ኪሩቤል፣ የትርፌ የእኅት ልጅ፣ ስልኩን ደግኖ መጣ፦
“ይሄ ሰፈር የታለ? ከካርታ እኮ ወጣ።
ፎቁን የት አላችሁ? መብራቱን? የብስክሌቱን መንገድ?”
ሳቅን፤ ሠራንለት፦
ፎቅ ከሲዲ ክዳን፣ መብራት ከገና ዛፍ ገመድ።
ቦታ የለቀቁት ቤቶች በጫማ ካርቶን ናቸው፤
ሽመክት ክዳኑ ላይ “ያልፈረሱ” ብሎ ጻፈባቸው።

የካቲት ውስጥ ነው። የትርፌ የካዛንቺስ ቤት
ማክሰኞ ጠዋት ወደቀ፣ ከነሰማያዊ በሩ።
ቅዳሜ ግን መጣች፤ ዘጠኝ ሰዓት፣ እንደወትሮው።
ማናችንም ምንም አላልንም።
ከክብሪት ቀፎ የሠራችው ቤቷ፣
ጣሪያው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣
ሳንቃው ላይ እንደቆመ ነበር።
በሁለት ጣቷ አነሣችው።
ሥሩ ነጭ ሆኖ ቀረ፤
አፈሬ ያልደረሰበት፣ ትንሽዬ አራት ማዕዘን።

የጫማ ካርቶኑን ላቀርብላት ብድግ አልኩ፤
አላየችኝም።
ጣሪያ የሌለው ፉርጎ ላይ ጫነችው፣
በስፌት ክር ሁለት ዙር ጠምጥማ አሰረችው።
“ልቀቀው” አለች።

ሄደ። ሐይቁን አለፈ። ደጋዬን አለፈ።
እንጦጦ ዋሻ ሲደርስ
ጣሪያው ነክቶት ቆመ።

ሽመክት ቃል ሳይናገር ኪሱ ገባ፤
በዚያ “በረሳው” መፍቻ
የእንቁላል ካርቶን፣ ጋዜጣና ኮላ፣
ስድስት ክረምት የደረቀውን ተራራ
ቆረሰው፣ ቆረሰው፣
የዋሻውን አፍ ቤት እስኪያሳልፍ አሰፋው።

ቤቱ አለፈ።

“የት ይቁም?” አልኳት፣ ሁለተኛው ዙር ላይ።
መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።
“ገና አልመረጥኩም” አለች።
“ይዙር።”