ሠላሳ ሴኮንድ

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣
ሂርማታ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ እንደ ጠጠር ሲበተን በድንገት፣
መሮዬን ጥያለሁ፣ ሰጋቱራው ጠጉሬ ላይ እንዳለ፤
ድምፁን ጨመርኩት፣ ዝናቡም ጨመረ፤ ማን ለማን ዝም አለ?

በርጩማ ጠራቢ ነኝ፤ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ሚስማር፤
ስምንተኛ ላይ የቀረሁ ሰው፤ ቅዳሜ ማታ ግን ምሁር።
ጠያቂው ክራቫቱን ሲያስተካክል እኔ ኮሌታዬን አቃናለሁ፣
«የመጀመሪያው ጥያቄ» ሲል «በል እንጂ፣ ዝግጁ ነኝ» እላለሁ።
ከፀሐይ ሦስተኛዋ? «መሬት!» ጉልበቴን በጥፊ መታሁ።
የማዳጋስካር ዋና ከተማ? «አን... አንታ...» ስል ሰዓቱ ሞላ፤
«ወላሂ አውቀው ነበር!» አልኩ፣ ሰዓቱ ከሞላ በኋላ።

ሸምሲያ ጥግ ይዛ የልጁን ሱሪ ትጥፋለች፣
ክሩን በጥርሷ ቆርጣ በአፍንጫዋ ትስቃለች።

የዛሬዋ ተወዳዳሪ የአጋሮ ልጅ ናት፤ ነስራ አባ ፊጣ፤
አላውቃትም። ግን ያን ከፍ ያለ ወንበር ስትወጣ
«ያጎቴ ልጅ ናት» ብዬ ለጎረቤት አውርቻለሁ፤ ምን አለበት?
ከአጋሮ ጅማ ስንት ነው? በሚኒባስ አንድ ሰዓት።

ሰባት መልሳለች። ስምንተኛው ላይ «ሐ» አለች፤ ልክ ነበር፤
ከዚያ ጣቷን አነሳች፤ «ቆይ... ወደ ለ ልቀይር?»
«አትቀይሪ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሻዩ ተደፋ፤ ድመቷ ወጣች በመስኮት፤
«የመጀመሪያውን እመኚ! የመጀመሪያው ነው እውነት!»

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩም፤ ላጲስ ነው ያስተማረኝ፤
ሚኒስትሪ ስፈተን ሦስት ልክ መልስ አስጠፍቶ በሁለት ነጥብ ያስቀረኝ።
ግማሽ ላጲስ ነበር፣ ከወዳጄ ከታጁ የተዋስኩት፤
እሱ ዛሬ መሐንዲስ ነው፤ ላጲሱን ግን አልመለስኩለት።

ነስራ ሰማችኝ መሰል፣ አልቀየረችም።
ከግድግዳው ወዲያ ባጃጅ ነጂው ዘይኑ ሲያጨበጭብ ሰማሁ፤ እኔም አልቀረሁም።

የመጨረሻው ጥያቄ። ሙዚቃው ድም፣ ድም፣ እንደ ልብ ሲመታ፣
ጠያቂው ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔንም ያየኝ መሰለኝ ላንድ አፍታ።

«ንብ ስንት ክንፍ አላት?
ሀ፦ ሁለት። ለ፦ አራት።
ሐ፦ ስድስት። መ፦ ስምንት።»

«ሁለት ነዋ!» አልኩ። «እንደ ማንኛውም ወፍ!»
ሃያ ሴኮንድ። ነስራ ከንፈሯን ነከሰች።
«ሁለት በይ፣ ልጄ!» አሥር። አምስት። አፏን ከፈተች፤

መብራት ጠፋ።

ሰፈሩ ባንድ አፍ «ኡ!» አለ፣ ከቦሳ እስከ መንቲና፤
እኔም መብራቱን፣ ሰው ይመስል፣ «ና!» አልኩት፤ «ና! ና! ና!»

ከዚያ ዝናቡ ብቻ።
«አራት ነው» አለ አንድ ድምፅ፣ ከወደ ጥጉ።
«ምኑ?»
«ክንፏ። ሁለቱ ሰፋ ያሉ፣ ሁለቱ ከሥር ጠበብ ያሉ፤
ስትበር ይያያዛሉ፤ አንድ ጥንድ መስለው ሰው ይሸውዳሉ።
ጌራ፣ አባቴ ቀፎ ሲያወርድ፣ የሞቱትን መዳፌ ላይ ቆጥሬያለሁ።»

«የማዳጋስካሩስ?»
«አንታናናሪቮ። የልጁን ደብተር ስለብድ አይቻለሁ።»

«አሥራ ስድስት ዓመት!» አልኩ። «እዚሁ፣ ከጎኔ ተቀምጠሽ!
አንድ ቅዳሜ እንኳ ለምን ትንፍሽ ሳትዪ ቀረሽ?»

ክሩ ሲቆረጥ ተሰማኝ። ጥክ።
«ማን ጠየቀኝ?»

ሠላሳ ሴኮንድ። በውስጤ ያ ሙዚቃ፣ ድም፣ ድም።
ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ ጥያቄ ግን የለኝም።
የበርጩማን እግር ዓይኔን ጨፍኜ አወጣለሁ፤
ሚስቴ የምትወደው ቀለም? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ... ልገምት? እፈራለሁ።

መብራቱ ሲመጣ ነስራ የለችም፤ የሳሙና ማስታወቂያ፣ ነጭ አረፋ፤
ዘይኑ ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቆ በሬን በክርኑ ገፋ።
«ያጎትህ ልጅስ? ምን ብላ መለሰች?»

ወደ ጥጉ አየሁ። ሸምሲያ መርፌዋን ወደ አምፖሉ አንስታ፣
ክር ልታሾልክ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች።

«አራት» አልኩት። «አራት አለች።»