የነጥብ ልጆች

ሐሙስ ማታ ነው። ጦሳ ጉሙን ለብሷል፤
ከፒያሳ መብራት ግማሹ ደክሟል።
ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
ላፕቶፔ ይሞቃል፤ እጄ ግን አይሞቅ።

የጤና ጣቢያ መዝገብ ነው የያዝኩት ሥራ፤
ዐሥራ ሁለት ሞዴል፣ ዐሥራ ሁለት በር፣ ዘብ ያለው በየተራ፦
ስሙ ባዶ አይሁን፤ ዕድሜው ከዜሮ አይውረድ፤
አንድ የካርድ ቁጥር ሁለት ሰው አይውሰድ።

ሕግ መጻፍ ቀላል ነው፤ መያዙን ማን ያያል?
ዘበኛው ተኝቶም የነቃ ይመስላል።
ስለዚህ እያወቅሁ ስህተት እፈጥራለሁ፤
ስም የሌለው ታካሚ፣ ዕድሜው ሲቀነስ ሦስት፣
ወደ በሩ እልካለሁ፤
ተገፍቶ ሲመለስ ነው እፎይ የምለው።

ለታካሚ ጻፍኩት። ለሐኪም ደገምኩት።
ለክትባት ቀዳሁት፤ ለቀጠሮ ለጠፍኩት።
ያው ስድስት መስመር፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ፣
እንደ ተማሪ ቅጣት፣ እንደ ክፉ አባዜ።

ሙሄ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና
«አንቺ፣ የእብሬ ልጅ አይደለሽም እንዴ?
አባትሽ ነበረው ለጤፍ ሌላ ቁና፣
ሌላ ደሞ ለስንዴ?»

እውነቱን ነው። አባቴ ሰኞ ገበያ
አንድ ቁና ነበረው፣ ጠርዙ በቆዳ የተለበጠ፤
ምስር መጣ፣ ማሽላ መጣ፣ ሽንብራ መጣ፣
ቁናው አልተለወጠ።
ይሞላል። በመዳፉ ያብሳል።
ትርፉ ጆንያው ላይ ይፈስሳል።
ገዢና ሻጭ የተኮራረፉ እንኳ
ቁናውን አይተው ዝም ይላሉ።

ያን ሌሊት ረዳቷን ጻፍኳት፣
«ባዶ አይቀበልም» ብዬ ስም አወጣሁላት።
ሞዴሉን ስጧት፣ ዓምዱን ስጧት፣ ሌላውን ታውቃለች፤
ዓምዱን ባዶ አርጋ ልትገባ ትሞክራለች፣
በሩ ካልተዘጋባት ትጮኻለች።
ሰባ ሁለት መስመር ዐሥራ ሁለት ሆነ።
ስክሪኔ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ፣
መስከረም ላይ ከላይ ሆነው እንደሚያዩት ገራዶ።

ተኛሁ። እንደ ሰፋሪ ልጅ ተኛሁ።

በወሩ መዝገቡን ስከፍት
ኢልሃም ነጥብ።
ናትናኤል ነጥብ።
ሙኒራ ነጥብ፣ ክትባቷ ሁለተኛ ዙር፣ ቀጠሮዋ ማክሰኞ፣
በየሰንጠረዡ የምትከተላት ያችው ነጥብ።

ነርስ ስንዱን ደወልኩላት። አልደነገጠችም።
«ከኩታበር የመጣች እናት፣ ልጇን አዝላ፣
አባቱ ማነው ስላት መሬት ታያለች።
ያንቺ ማሽን ደግሞ ‹ባዶ አልቀበልም› ይላል።
ምን ላድርግ? መርፌው ይሞቃል፣ ወረፋው ይረዝማል፤
ነጥብ ነካሁ፣ አለፈ።»

ነጥብ ባዶ አይደለችም። ረዳቴ አልዋሸችም።
የነገርኳትን ሕግ ዐሥራ ሁለት ቦታ
ሳትደክም፣ ሳታዳላ አስከብራለች፤
ሕጉን ያጣመምኩት እኔ ነኝ፣ በአንድ ጊዜ፣ ለሁሉም።

ትዝ አለኝ አባቴ። ገበያው ሳይሞላ፣ ገና በማለዳ፣
ቁናውን ገልብጦ ቂጡን ይዳብሳል፤
«እህሉንማ ሁሉም ያየዋል» ይል ነበር።
የቀረውን አልተናገረም።

ሌላ ረዳት ጻፍኩ፣ የመጀመሪያዋ እኅት፣
«ባዶ ይቀበላል» ብዬ ስም አወጣሁላት።
አባት የሌለው ሕፃን ፈጥራ ወደ በሩ ትልካለች፣
የሚመልሰው ካለ እሷ ናት የምትጮኸው።
አሁን ሲገባ ነው እፎይ የምለው።

ሙሄ ከጀርባዬ «አብሽር» አለኝ፣ ሻይ አስቀመጠ፤
ጉሙ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

ሠላሳ አንድ ነጥብ ነበሩ።
በአንድ መስመር ትእዛዝ ማጥፋት ይቻል ነበር፤
ሥራዬም ይኸው ነው፣ ድግግሞሽ ማስቀረት።
አልፈለግኩም።
አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፣ ስማቸውን እያነበብኩ፣
ናትናኤል፣
ሙኒራ፣
መጨረሻ ላይ ኢልሃም፤
ከስሟ ቀጥሎ ትንሽ ነጭ ቦታ፣
ሙይ ብሎ የማይጮኽባት።