በሃያ አራት ይባዛል

በክብሪት ቀፎ ነው ያመጣው፣ ኪሱ ውስጥ ደብቆ፣
ሲያወጣው አንገቱን ደፍቶ፣ ተሳቆ።
«የምንሰጠው ኩባያ አለ» ስለው፣ «ዶክተር፣ ማን ነገረኝ?» አለኝ፤
ዶክተር አይደለሁም። የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፣
አዘዞ ጤና ጣቢያ፣ በኋላ በር በኩል፣ ከካርድ ክፍል ቀጥሎ፣
የሰው ሆድ ምስጢር የሚያይ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ።

ስሙ አዛናው። ዕድሜው አሥራ ሰባት።
ሥራው ባጃጅ ማጠብ፣ መገጭ ድልድይ ሥር፣ ወንዙ እስከ ጭኑ ደርሶበት።
እናቱ ይርገዱ «ወስፋት ነው» ብላ፣ ኮሶ አጠጥታዋለች በባዶ ሆዱ፤
እሱ ሌሊቱን ሲወጣ ሲገባ አደረ፣ እነሱ ግን አልሄዱ።
ኮሶማ የሚጠርገው አንጀትን ነው፣ ደጁን፤
እነዚህ ጓዳ ናቸው፣ ደም ሥር ውስጥ፣ ዘርግተው አልጋውን።

በወንፊት አጠለልኩት። በቀዳዳዋ ልክ ሰፈርኩት፣
አረንጓዴ ሴሎፎን አልብሼ በመስታወት ተጫንኩት።
ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ።
አረንጓዴ ሰማይ ላይ ሠላሳ አንድ እንቁላል ቆጠርኩ፣
እያንዳንዱ ጎኑ ላይ አንድ እሾህ ያበቀለው።
ሠላሳ አንድ፣ በሃያ አራት ይባዛል፤ ደንቡ ነው፤
ሰባት መቶ አርባ አራት፣ በአንዲት ግራም።
መዝገቡ ቁጥሩን ያውቃል። ስለ ትዳራቸው የሚጻፍበት ዓምድ የለም።

«ምንድን ናቸው?» አለ። ላሳጥር ብዬ አስረዘምኩት፤
ባልና ሚስት ናቸው፣ አልኩት።
ባሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ሆዱ ላይ እንደ ቦይ የተቆፈረ ጉያ አለው፣
ክር የምታህለውን ሚስቱን እዚያ ያስገባታል፤ አይለቃት፣ አትለቀው።
ከጉበት ተነሥተው፣ ደሙን እየተጋፉ፣ እስከ አንጀት ደም ሥር፣
እዚያ ጎጆ ይወጣሉ፤ ያለ ሰማንያ፣ ያለ ቁርባን፣ ያለ ምስክር።

ደምህ ውስጥስ ዘበኛ ሞልቶ
እንዴት አልያዛቸውም? ከአንተው ከራስህ ቀምቶ
ለብሷል ትሉ፤ የባለቤቱን ጋቢ የተከናነበ ሌባ፤
ዘበኛው «ደህና እደሩ ጌታዬ» እያለ ነው የሚያስገባ።
እንግዳ ሦስት ቀን ነው፤ እነዚህ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ ማን ያውቃቸው፤
ተሳፍረው ይሄዳሉ እንጂ፣ «ወራጅ አለ!» የሚል አንደበት የላቸው።

እሷ ትጥላለች። በቀን ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ፤
ግማሹ አንጀትህን በእሾሁ በስቶ
ይወጣል። ግማሹ መንገድ ስቶ ጉበትህ ላይ ይቀራል፤
ጉበትህ ይከበዋል፣ ያጥረዋል፤ የጎንደር ልጅ ነህ፣ ጉበትህም ግንብ መሥራት ያውቃል።
ትሉ አይደለም የሚገድልህ። ግንቡ ነው።

«ሲሞቱም አብረው ነው?» አለኝ፣ ክኒኑን በመዳፉ አንከባልሎ።
ስምንት ዓመት አብሮኝ የኖረ፣ አንድ ማክሰኞ የሄደ ባል ነበረኝ፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ።
«አላውቅም» አልኩት።

በመለኪያው እንጨት ቁመቱን ለካን፤ አራት ክኒን ደረሰው፤
በዳቦ ዋጠው።
«ከኮሶ ይሻላል» አለ፣ ፊቱን አጨማዶ።
ይህ ክኒን ጋብቻውን ይፈታል፣ አልኩት፤ ወንዙን ግን አይፈታም ወርዶ።
ድንጋዩ ሥር ቀንድ አውጣ አለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣
ከሥጋዋ ትለቃቸዋለች፣ ጭራቸው መንታ፣ ዓይን አያያቸውም፣
ቆዳ ይፈልጋሉ። በቀትር አትግባ።
ሳቀ። «ዶክተር፣ ባጃጅ የሚመጣው በቀትር ነው፣ ሾፌሩ ምሳ ሲበላ።»

ቅዳሜ፣ በቀትር፣ ድልድዩን ስሻገር በባጃጅ፣
ከታች ቆሟል፣ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ፣ ስፖንጅ በእጁ።
አየኝና እጁን አነሣ። አረፋው በክንዱ ወረደ።
የተቀመጥኩበት ወንበር ገና እርጥብ ነበር፤
መስታወቱ ያበራል፣ ጎማው እንኳ ጭቃ የለውም።
ማን እንዳጠባት ሾፌሩን አልጠየቅኩም።
«ወራጅ አለ!» ልል አፌን ከፈትኩ፤
ባጃጇ ድልድዩን ጨርሳ ነበር።